ባሕር የሸተተው መርፌ

ጆርጅ ግራሃም ሰዓት ሠሪ ነበር። በ1722 ግን ከሰዓቶቹ ሁሉ ይልቅ አንድ የኮምፓስ መርፌ እንቅልፍ ነሳው። ለንደን ውስጥ፣ ብረት በሌለበት ክፍል፣ ረጅምና ቀጭን መርፌ አስቀምጦ ጫፉ የቆመበትን ነጥብ እያነበበ ይመዘግባል። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሲያየው መርፌው ፈቀቅ ብሏል። ማንም አልነካውም። ሌላ ሰው ቢሆን መርፌውን ጥሎ የተሻለ ይሠራ ነበር፤ ግራሃም ግን እዚያው ቦታ ላይ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ አነበበው። በመጨረሻም ጥፋቱ የመርፌው እንዳልሆነ ገባው። የምድር መግነጢስ ራሱ ከሰዓት ሰዓት ይነቃነቃል። እንቅስቃሴው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዲግሪ ሩብ እንኳ አይሞላም። (እዚህ ላይ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1741 የስዊድኑ አንደርስ ሴልሲየስ፣ ያው በሙቀት መለኪያ ስሙ የቀረው ሰው፣ ከእህቱ ባል ከኦሎፍ ዮርተር ጋር ኡፕሳላ ላይ ተመሳሳይ መርፌ ይጠብቅ ነበር። የሰሜን ብርሃን ሰማዩን ባቀለመበት ሌሊት መርፌያቸው ታወከ። ለንደን ካለው ግራሃም ጋር አስቀድመው ተነጋግረው ስለነበር መዝገባቸውን ሲያስተያዩ ሚያዝያ 5 ቀን የሁለቱም ከተሞች መርፌ በአንድ ጊዜ ተረብሾ ተገኘ። በመሃላቸው ባሕር አለ። ሁለቱንም ያነቃነቀው እንግዲህ የአንድ ክፍል ወይም የአንድ ከተማ ነገር ሊሆን አይችልም።

መቶ ዓመት ያህል ማንም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ከዚያ ማይክል ፋራዴይ መጣ። በ1831 የሚለዋወጥ መግነጢስ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሳ አሳየ፤ በመግነጢስ መካከል የሚንቀሳቀስ አስተላላፊ ነገርም እንዲሁ። ፋራዴይ ያገኘውን ነገር ቤተ ሙከራ ውስጥ ዘግቶ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረም። የቴምስ ወንዝ ውሃ በምድር መግነጢስ መካከል እየፈሰሰ አይደል? ታዲያ ለምን ኤሌክትሪክ አያመነጭም? በ1832 መጀመሪያ ላይ በዋተርሉ ድልድይ መደገፊያ ላይ 960 ጫማ የመዳብ ሽቦ ዘረጋ፣ በሁለቱም ጫፍ የብረት ሳህን ውሃው ውስጥ አስገባ፣ መለኪያውን እያየ ቀናት ጠበቀ። የመለኪያው መርፌ ዝም ብሎ ተወራጨ እንጂ የፈለገውን አልነገረውም። ሙከራው ከሸፈ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ ወደ መጨረሻው ላይ ተመልሰን እናገኘዋለን።

በዚሁ ዘመን ጀርመን ውስጥ ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ የግራሃምንና የሴልሲየስን ብልሃት በሰፊው ዘረጋው። ከጎቲንገን ከተማ እየመራ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ጣቢያዎች በተወሰኑ ቀናት፣ በአንድ ሰዓት፣ በየደቂቃዎቹ ልዩነት መርፌያቸውን እንዲያነቡ አደረገ። ከዚያም በላይ፣ በምድር ገጽ ላይ ብቻ በተለካ ቁጥር ከላይ የመጣውን መግነጢስ ከታች ከመጣው መለየት የሚያስችል ሒሳብ አበጀ። በ1847 ደግሞ ቻርልስ ብሩክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በግሪኒች የመርፌውን እንቅስቃሴ በሚሽከረከር የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ በብርሃን ጭረት የሚጽፍ መሣሪያ ተከለ። ሌሊት ሌሊት እያንቀላፉ መርፌ የሚያነቡ ረዳቶች ሥራ ቀለለ።

እነዚህ ወረቀቶች ላይ አንዳንዴ መስመሩ ቀስ ብሎ ጎድጎድ ይልና ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቅርጹ ካርታ ላይ እንዳለ የባሕር ወሽመጥ ስለሚመስል ሙያተኞቹ «ወሽመጥ» ብለው ጠሩት። ያኔ ነገሩ ከባሕር ጋር ምንም ዝምድና ያለው አልመሰላቸውም። የስሙን ግጥምጥሞሽ ሳስበው ፈገግ እላለሁ፤ የባሕርን ዳርቻ ምሥጢር ያወጣው ኋላ ይኸው ወሽመጥ ነውና።

የጋውስን ሒሳብ ሥራ ላይ ያዋለው አርተር ሹስተር ነው። በ1889 የሴንት ፒተርስበርግ፣ የግሪኒች፣ የሊዝበንና የቦምቤይ ጣቢያዎችን መዝገብ ወስዶ የመርፌውን ዕለታዊ እንቅስቃሴ ለሁለት ከፈለው። ዋናው ምንጭ ከላይ፣ ከአየሩ ከፍተኛ ክፍል ነበር፤ በፀሐይ የተነቃ ኤሌክትሪክ ያመነጨዋል። ቀሪው ግን ከታች ይመጣል። ከላይ የሚለዋወጠው መግነጢስ ምድር ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፣ ያ ኤሌክትሪክ ደግሞ የራሱን መግነጢስ መልሶ ይልካል፤ ገደል ማሚቶ እንደማለት ነው። ማሚቶውም የምድር ጥልቅ ክፍል ከላይኛው ይልቅ ኤሌክትሪክን የተሻለ እንደሚያስተላልፍ ነገረው። እስከ 1939 ድረስ ላሂሪና ፕራይስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስሌቱን አጥርተው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የማስተላለፍ አቅሙ በድንገት እንደሚጨምር አመለከቱ። ስሌታቸው ግን ከላይም አንድ ስስ አስተላላፊ ሽፋን ካልታከለበት አልገጥም አለ። ሽፋኑ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም፤ የምድርን ሁለት ሦስተኛ የሸፈነው ጨዋማ ውሃ ነው።

የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክን ከደረቅ አለት ሺህ ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ አስበልጦ ያስተላልፋል። ውቅያኖስ ደግሞ በአማካይ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይጠልቃል። ከላይ የመጣው ለውጥ ያስነሳው ኤሌክትሪክ፣ ጎርፍ ቦይ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ውቅያኖሱ ውስጥ ይሮጣል፤ አህጉር ሲገጥመው አለቱን ሰንጥቆ ከማለፍ ይልቅ ዳርቻውን ተከትሎ ይታጠፋል። ኤሌክትሪክ በሚሄድበት መሥመር ዙሪያ መግነጢስ ገመድ ላይ እንደተጠመጠመ ክር ይዞራል። ከመሥመሩ በላይ ክሩ አግድም ነው፤ ከጎን ከቆሙ ግን ሽቅብ ወይም ቁልቁል ሲሄድ ያገኙታል። ባሕር ዳር ያለ ጣቢያ ከጎን የቆመ ጣቢያ ነው። ሽቅብና ቁልቁል የሚለካው መርፌው የአግዳሚውን ያህል ይዘላል፤ መሃል አገር ያለው ጣቢያ ግን በዚያው ሰዓት በዚያ አቅጣጫ እምብዛም አይነቃነቅም።

ይህን ዛሬ በአንድ አንቀጽ ማውራት ይቀላል። የ1950ዎቹ ሰዎች ግን ነገሩን የተረዱት በሦስት የተለያዩ አገሮች እየተደናበሩ ነው።

ጃፓን ውስጥ የቶኪዮው የመሬት መንቀጥቀጥ ምርምር ተቋም ባልደረባ ጹኔጂ ሪኪታኬ ከጓደኞቹ ጋር በማዕከላዊ ጃፓን «ወሽመጥ» በተመዘገበ ቁጥር ቁመታዊው መርፌ ከልክ በላይ እንደሚዘል አስተዋለ። ከደሴቲቱ በታች ኤሌክትሪክ ዞሮ የሚገጥምበት ጥልቅ ቀለበት አለ ብሎም ገመተ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ የሚያስቅም የሚያናድድም ነገር ተገኘ። በኤልበ ወንዝ አፍ አቅራቢያ ያለው የቪንግስት ጣቢያ መርፌ ሽቅብ ሲል፣ በስተደቡብ ያለው የጎቲንገኑ ቁልቁል ይላል፤ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መግነጢሳዊ ማዕበል። ዩሊየስ ባርተልስ፣ ሆርስት ቪዘና በኋላ የምናገኘው ኡልሪሽ ሽሙከር በዚህ ላይ ተረባረቡ። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ባሕር የለም። ያለው ጨዋማ ውሃ የጠገበ ጥልቅ ደለል ነው፤ ከአፈር በታች የተቀበረ ባሕር ቢሉት አያስኬድም አይባልም።

ሦስተኛው አገር አውስትራሊያ ነው፤ ለእኔ የታሪኩ ልብ እዚያ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ገጠር፣ ዋትሩ በሚባል ስፍራ፣ የዋሽንግተኑ ካርኔጊ ተቋም በ1919 የመግነጢስ ጣቢያ ከፍቶ ነበር፤ በ1947 ለአውስትራሊያ መንግሥት አስረከበ። የመንግሥቱ የማዕድን ሀብት ቢሮ ባልደረባ ደድሊ ፓርኪንሰን የዋትሩንና የሌሎች ጣቢያዎችን ወረቀት ይዞ ቁጭ አለ። ያደረገው ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱን ፈጣን ለውጥ ወስዶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ታች ምን ያህል እንደሄደ ለካ፤ ከዚያ የለውጡን አቅጣጫ በክብ ሥዕል ላይ በነጥብ አኖረው። ማዕበሎቹ ከሰማይ እንደፈለጉ የሚመጡ ከሆነ ነጥቦቹ እንደተበተነ ጤፍ በየቦታው መታየት ነበረባቸው። አልተበተኑም። በአንድ ጠለል ላይ ተሰለፉ፤ ጠለሉም ያዘነበለ ነው። ወደ ባሕሩ የሚያመለክት ለውጥ ሽቅብ ይላል፣ ወደ የብስ የሚያመለክተው ቁልቁል ይወርዳል። ጣቢያው ሲለወጥ ዝንባሌውም ይለወጣል፤ የሚታዘዘው ግን ምንጊዜም በአቅራቢያው ላለው ጥልቅ ውቅያኖስ ነው።

ይህን በ1959 አሳተመ። ጠለሉ ምን ያህል እንዳዘነበለ በካርታ ላይ በአንዲት ቀስት ማሳየት እንደሚቻልም አሳየ፤ ቀስቷ ወደ አስተላላፊው ወገን ታመለክታለች። በአህጉሩ ዳርቻ ባሉት ጣቢያዎች ላይ ቀስቶቹ ሲሳሉ ጀርባቸውን ለየብሱ ሰጥተው ወደ ውሃው አፈጠጡ። ጀርመናዊው ቪዘም የራሱን ቀስት ሠርቶ ነበር፤ የእሱ ግን ከአስተላላፊው ይሸሻል። እስከ ዛሬ አንድ ካርታ ሲገለጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ቀስቱ የፓርኪንሰን ነው ወይስ የቪዘ? ሳይጠይቁ የገቡ ተማሪዎች ባሕሩን ከየብሱ በታች ሲያገኙት ይደነግጣሉ።

ለብዙ የጣቢያ ሠራተኞች ባሕር ዳርቻው ጣጣ ነበር፤ ንጹሕ መዝገብ የፈለገ ሰው ከባሕር ይርቃል። ፓርኪንሰን ጣጣውን ወደ ጥያቄ ለወጠው። ዳርቻው ላይ የሚታየው ሁሉ የባሕሩ ውሃ ሥራ ነው ወይስ ከውሃው በታች ሌላ ነገር አለ? በውቅያኖሶች ቅርጽ የመዳብ ወረቀት ቆርጦ በሉል ላይ ለብጦ፣ በተለዋዋጭ መግነጢስ ውስጥ አስቀምጦ ለካው። መዳቡ ባሕርን ተክቶ የሚጫወት ተዋናይ ነበር። ውጤቱ ግማሽ መልስ ሆነ። ባሕሩ ብዙውን ያስረዳል፤ ሁሉንም ግን አያስረዳም። የቀረው ከታች መምጣት አለበት።

ከ1957 አጋማሽ እስከ 1958 ማብቂያ የዘለቀው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በየአገሩ አዳዲስ ጣቢያዎችን አስከፈተ። አንዱ የእኛ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዌን ያቋቋሙት ጣቢያ በ1958 ሥራ ጀመረ። ከባሕር የራቀ ነው፤ የተመረጠበት ምክንያት ሌላ ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ከበላዩም ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነጉድ የኤሌክትሪክ ወንዝ አለ። አባ ጉዌን ኋላ በይበልጥ የታወቁት በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ቢሆንም የአዲስ አበባው መዝገብ ዛሬም የዓለም ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት ነው።

ወደ ዳርቻው እንመለስ። ሽሙከር ከጎቲንገን ተነሥቶ ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ሄደ። ያሉትን ጣቢያዎች ብቻ መጠበቅ ትቶ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎችን ከባሕር ዳር ጀምሮ ወደ መሃል አገር በመሥመር ተከለ። ብልሃቱ ያለው በጊዜ ላይ ነው። ዶፍ ዝናብ ላይ ላዩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ሲያካፋ የሚውለው ግን ወደ ሥር ይሰርጋል። የመግነጢስ ለውጥም እንዲያ ነው። በደቂቃዎች የሚመላለሰው ከላይኛው አለት አያልፍም፣ በሰዓታት የሚመላለሰው መቶዎች ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ አንድን ማዕበል በፍጥነቱ እየለዩ ማንበብ ምድርን ንብርብር በንብርብር መላጥ ነው። በ1970 ባሳተመው ትልቅ ጥናት ሽሙከር የካሊፎርኒያው ዳርቻ ምልክት ወደ ውስጥ ሲገቡ እንዴት እየደከመ እንደሚሄድ ከቁጥሮቹ ጋር አቀረበ። ድምዳሜው ከፓርኪንሰን ጋር ይገጥማል፦ ከውቅያኖሱ ወለል በታች ያለው ማንትል፣ ማለትም ከምድር ቅርፊት ሥር ያለው ወፍራም የአለት ንብርብር፣ ከአህጉሩ በታች ካለው ይልቅ ቀረብ ባለ ጥልቀት አስተላላፊ ይሆናል። ዳርቻ ማለት ውሃ የሚያልቅበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ሁለት ዓይነት የምድር ጥልቅ ክፍሎች የሚገናኙበት ስፌት ሆነ።

በዚያው ተቋም ዣን ፊሉ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ያዘ። የብሱን ወገን ብቻ እየለኩ ባሕሩን መገመት አንድ እጅ ይዞ እንደማጨብጨብ ነው። ፊሉ መሣሪያውን ውቅያኖስ ወለል ላይ አወረደ። አራት ኪሎ ሜትር ውሃ የሚጫነው፣ ጨው የሚበላው፣ ማንም ሄዶ የማያስተካክለው መሣሪያ ለሳምንታት ብቻውን መሥራት አለበት፤ ከዚያም ክብደቱን ጥሎ ራሱ ተንሳፎ መውጣት። የማይወጣም አለ።

የብሱ ላይ ያለው ችግር የገንዘብ ነበር። ጥሩ መሣሪያ ውድ ነው፤ ሦስት አራት ይዞ አህጉርን መሸፈን አይቻልም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኢያን ጎፍና ጆን ራይትዘል ርካሽ ነገር ሠሩ። በስስ ክር የተንጠለጠሉ ትናንሽ መግነጢሶች፣ መብራት፣ የፎቶግራፍ ፊልም፤ ሁሉም በቱቦ ውስጥ ገብቶ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። አፈሩ ሙቀቱን ይጠብቅለታል። በ1967 ከአርባ በላይ የሚሆኑትን በምዕራብ አሜሪካ ዘሩ። አንድ ማዕበል ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዩታል። የጋውስ ሕልም በጉድጓድ ተፈጸመ።

ጎፍ መሣሪያውን ይዞ ወደ ደቡብ አፍሪካም፣ ወደ አውስትራሊያም ተሻገረ። በ1970 ከማይክል ማከልሂኒና ከቴድ ሊሊ ጋር በደቡብ አውስትራሊያ ሲለኩ ባሕሩን ፈልገው ያልጠበቁትን አገኙ፤ በፍሊንደርስ ተራሮች ሥር ኤሌክትሪክ የሚሰበሰብበት መሥመር። ሊሊና ቤኔት ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ጠረፍ ዞረው በ1972 አሳተሙ። በዚያ ጠረፍ ካርታ ላይ ውሃውና ጥልቁ መሬት አንድ ላይ ሲጎትቱ ይታያል፤ ዳርቻውም ቀጥ ያለ መሥመር ስላልሆነ ቀስቶቹ በየማዕዘኑ ይጠመዘዛሉ። ከ1983 ማብቂያ ጀምሮ ፊሉና ሊሊ ተገናኝተው ከአውስትራሊያ ጠረፍ ተነሥቶ የታስማንን ባሕር የሚያቋርጥ የመሣሪያ መሥመር ለወራት ወለሉ ላይ አስተኙ። በመጨረሻ ሁለቱም እጆች ተጨበጨቡ።

በ1985 በኦሪገን ጠረፍ የተደረገው ከሁሉም ሰፋ። እዚያ የህዋን ደ ፉካ የሚባለው የባሕር ወለል ንጣፍ ከሰሜን አሜሪካ በታች ይገባል። ከመቶ በላይ መሣሪያ በባሕር ወለልና በየብስ ተዘርግቶ በአንድ ጊዜ ለካ። የወጣው ሥዕል የሚገርም ነበር። የሚጠልቀውን ንጣፍ ጀርባ ተከትሎ ወደ የብሱ ሥር የሚወርድ አስተላላፊ ንብርብር ታየ። አለቱ ሲገባ ያረጠበውን ባሕር አብሮት ይዞ ይገባል፤ ሙቀቱና ክብደቱ ሲጨምር ውሃው ተጨምቆ ይወጣል። በዚያ ጠረፍ በ1700 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ሱናሚው ጃፓን ደርሷል። ሁለት ንጣፎች በሚፋተጉበት ቦታ ውሃ መኖሩና አለመኖሩ ተራ ጉዳይ አይደለም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ይህ ዘዴ አስተላላፊ ነገር መኖሩን እንጂ ምንነቱን አይናገርም። ውሃ፣ የቀለጠ አለት፣ ግራፋይት በመርፌው ዓይን ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ በየጽሑፉ መጨረሻ ያለው ትርጓሜ ከልኬቱ ይልቅ ብዙ ክርክር አለበት።

መጋቢት 13 ቀን 1989 የፀሐይ ማዕበል የካናዳዋን ኩቤክ ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ጣላት። ከዚያ ወዲህ መብራት ኃይል መሥሪያ ቤቶችም ስለ መሬት ኤሌክትሪክ በይበልጥ መጠየቅ ጀመሩ። ለዓመታት ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የነበረው የዳርቻ ሒሳብ ዋጋ አገኘ፤ ማዕበል ሲመጣ የባሕሩ ኤሌክትሪክ ዳርቻው ላይ ስለሚገታ በጠረፍ ያለፈ የኃይል መሥመር ከመሃል አገሩ የበለጠ ይጫንበታል።

በአፋር ደግሞ ገና ባሕር ያልሆነ ዳርቻ አለ። በመስከረም 2005 ዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ተሰነጠቀ፣ በአንዳንድ ስፍራም እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። የኢትዮጵያና የብሪታንያ ተመራማሪዎች የመሬቱን መግነጢስና ኤሌክትሪክ አብረው እየለኩ በ2013 ባሳተሙት ጥናት ከሥሩ ቢያንስ 500 ኪሎ ሜትር ኩብ የቀለጠ አለት እንዳለ አሳወቁ። ከሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ እዚያ ባሕር ቢገባ ዳርቻው የት ላይ እንደሚሆን መርፌዎቹ ከወዲሁ ያዩት ይመስላል።

የፋራዴይ ነገርስ? በ2003 ታይለር፣ ማውስና ሉር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ሻምፕ የተባለችው ሳተላይት ከላከችው መዝገብ ውስጥ ጨረቃ እየሳበችው የሚመላለሰው የውቅያኖስ ውሃ የሚፈጥረውን መግነጢስ ለይተው አወጡ። ምልክቱ ጥቂት ናኖቴስላ ብቻ ነው፤ ጠቅላላው የምድር መግነጢስ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። በ2016 ደግሞ ግሬይቨርና ባልደረቦቹ ስዎርም የሚባሉት ሦስት የአውሮፓ ሳተላይቶች ያመጡትን ቁጥር ጨምረው፣ ይህንኑ የሚመላለስ ውሃ ምልክት ተጠቅመው ከውቅያኖስ ወለል በታች ጠንካራው አለት የት አብቅቶ ለስላሳው የት እንደሚጀምር ለኩ። ከፀሐይ የሚመጣ ማዕበል መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ኤሌክትሪኩን ራሱ ባሕሩ አመነጨው፤ ውሃው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ በዋተርሉ ድልድይ ሥር እንደሚያደርገው ሁሉ።